«ኬ ተወግቷል ወይ?»፦ ቤት ውስጥ ስለሚወለዱ ሕፃናት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም አራስ ላለበት ቤት ሁሉ

ጉዳዩ፦ የቫይታሚን ኬ መርፌ ሳያገኙ የሚቀሩ ጨቅላ ሕፃናትን ይመለከታል

ልጁ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣው በተወለደ በ38ኛው ቀን ነው። ክርስትና ሊነሣ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጠላው ደርሷል፤ የክርስትና አባቱም ከሌላ ቀበሌ መጥቶ አድሯል። አያቱ በነጠላ ጠቅልለው፣ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውት ገቡ። እናቱ ከኋላቸው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ ትከተላለች፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ መውለቁን ያወቀች አትመስልም። ልጁ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን የረሃብ ልቅሶ አልነበረም። ቀጭን ነው፤ ይቋረጣል፤ ደግሞ ይነሣል። ከሌሊቱ ጀምሮ ጡት አልያዘም። የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርጌ ሳይ ውስጡ ነጭ ሆኗል። ሁለት ጣቴን እርግብግቢቱ ላይ አሳረፍኩ። የጤነኛ ሕፃን እርግብግቢት ለስላሳ ነው፤ ከልብ ምቱ ጋር እርግብ እርግብ ይላል። የዚህ ልጅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል።

የደም ስኳሩን ለመለካት ተረከዙን በመርፌ ነካ አደረግኩት። ደሙ አልቆም አለ። ጥጥ አደረግኩበት፤ ራሰ። ቀየርኩት፤ እሱም ራሰ። ሦስተኛውን ይዤ እየተጫንኩ እናቱን ጠየቅኋት፤ ከዚህ በፊት የደማበት ቦታ ነበር ወይ? ከሦስት ቀን በፊት ከአፍንጫው ትንሽ ደም ወርዶ ነበር አለችኝ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ቆመ። ጎረቤቶቹ ምች ነው አሉ፤ አንዷ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለች። የት ተወለደ? ቤት ውስጥ፤ በክረምት፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሲወለድ ጭኑ ላይ የተወጋው መርፌ አለ? እናትና አያት ተያዩ። የለም።

ክንዱን ገልጬ ሳይ ግን የቢሲጂ ክትባት የተሰጠበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ስለዚህ ይህ ልጅ ከዚያ ቀን በፊት መርፌ በያዘ የጤና ባለሙያ እጅ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በኋላ፣ አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ፣ የክትባት መዝገቡን አወጣሁ። በ14ኛው ቀኑ ተከትቧል። ከስሙ ትይዩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ፊርማ ምክንያት ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በዚህ ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። በእጄ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ቫይታሚን ኬ ወግቻለሁ፤ አንዱንም አልፌ አላውቅም። በእጄ ያልተወለደውን ግን አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ቅጽ አልነበረም፤ የሚያስታውሰኝ አለቃም አልነበረም። ልጁ ለቢሲጂ መጣ፣ ቢሲጂ አገኘ፣ ሄደ። መድኃኒቱ ግን በዚያው ቀን፣ ከክትባት ክፍሉ ከ20 እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ የወሊድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነበር።

አሁን በቫይታሚን ኬ እጥረት ስለሚመጣው የመድማት በሽታ ልናገር፤ ይህ ደብዳቤ ለቢሮ ብቻ ሳይሆን ለእናቶችና ለአባቶችም ነውና።

ስንቆስል ደማችን የሚረጋው ጉበታችን በሚሠራቸው ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ተብለው የሚጠሩት አራቱ ያለ ቫይታሚን ኬ ለሥራ አይበቁም። እኛ አዋቂዎች ቫይታሚኑን ከጎመን፣ ከቆስጣና ከሌላው አረንጓዴ ቅጠል እናገኛለን፤ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ጥቂት ይጨምሩልናል። ሕፃን ግን ሲወለድ ጎተራው ባዶ ነው። እንግዴ ልጁ ብዙ ነገር ከእናት ወደ ልጅ ያሳልፋል፤ ቫይታሚን ኬን የሚያሳልፈው ግን በጣም በጥቂቱ ነው። አንጀቱም ገና ባክቴሪያ አላፈራም። ስለዚህ ማንኛውም ሕፃን፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ የሀብታምም ይሁን የድሃ፣ ይህ ጉድለት ይዞ ይወለዳል።

እናቶች ጎመን በደንብ ብበላ በጡቴ አያገኝም ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አሳዛኝ ነው። በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ከ1 እስከ 4 ማይክሮ ግራም ያህል ነው፤ እናት ጎመን በመብላቷ ይህ ቁጥር ብዙም ከፍ አይልም። ሲወለድ የሚሰጠው መርፌ 1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1,000 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ያንን ያህል ከጡት ለማግኘት ሕፃኑ ቢያንስ 250 ሊትር ወተት መጥባት ይኖርበታል። ከዚህ ተነሥቶ የጡት ወተትን የሚያማ ካለ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ለጨቅላ ከእናቱ ወተት የተሻለ ምግብ የለም፤ ለስድስት ወር ሌላ ምንም ሊጨመርበት አይገባም። ይህችን አንዲት ነገር ግን አልያዘም፤ እኛ በመርፌ ልንሞላት ይገባል።

በሽታው በሦስት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ይህ በአብዛኛው የሚያጠቃው እናታቸው በእርግዝና ጊዜ አንዳንድ መድኃኒቶችን የወሰደችባቸውን ልጆች ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሴቶች የሚወስዱት ፊኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት ሪፋምፒሲንና አይሶናይዚድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህ ሴቶች መድኃኒታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ፈጽሞ እንዳያቋርጡ። በእርግዝና ክትትል ላይ ይናገሩ፤ ወሊዳቸው ቤት ውስጥ እንዳይሆን ከባላቸውና ከእናታቸው ጋር አስቀድመው ይምከሩ። በክትትል ክፍል ያላችሁ ባልደረቦቼም ስለ ደም ማነስና ስለ ግፊት ስትጠይቁ ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው፤ ከእትብት፣ ከአፍንጫ፣ ከአንጀት ይደማል። መርፌው በማይሰጥበት ሁኔታ ከ10,000 ሕፃናት ከ25 እስከ 170 የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል። ሦስተኛውና የምፈራው ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የሚመጣው ነው። ይበልጥ የሚበረታው ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩ ከሁለተኛው በጣም ያንሳል፤ ካልተወጉ 100,000 ሕፃናት ከ4 እስከ 7 ገደማ። ነገር ግን ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የሚደሙት አንጎላቸው ውስጥ ነው። የሚመጣውም ጡት በደንብ ሲጠባ በቆየ፣ ክብደት በጨመረ፣ ማንም ያልሠጋበት ልጅ ላይ ነው።

ይህን የጊዜ ሰሌዳ በእኛ የአራስ ቤት ቀናት ላይ አስቀምጡት። ብዙ ቤተሰብ ወንድ ልጁን የሚያስገርዘው በስምንተኛው ቀን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ፔንታ የሚባለውና አብዛኞቹ ሌሎች ክትባቶች የሚጀምሩት እናቶች «የ45 ቀን» በሚሉት ጊዜ ነው። አራስ ጥየቃ፣ ገንፎ፣ የዘመድ ጉብኝት፣ ሁሉም ልጁ ሊደማ በሚችልባቸው ሳምንታት ውስጥ ይውላል። ይህ የሚያስፈራ ብቻ አይደለም፤ ዕድልም አለበት። በእነዚህ ሳምንታት ሕፃኑ ከቤት ይወጣል፣ ሰው ያየዋል፣ የጤና ባለሙያ እጅ ላይ ይወድቃል። የምለምነው በዚህ አጋጣሚ እንድንጠቀም ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ይኖረኝ ነበር። በቦስተን ቻርልስ ታውንሴንድ የሚባል ሐኪም ያለ ምክንያት የሚደሙ 50 አራሶችን ታሪክ ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በኮፐንሀገን ሄንሪክ ዳም የሚባል ሳይንቲስት ስብ የሌለበት ቀለብ ያበላቸው ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥር ሲደሙ አይቶ ምክንያቱን መፈለግ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። የጎደላቸውን ነገር ኬ ብሎ የሰየመው በዴንማርክና በጀርመን ቋንቋ «መርጋት» የሚለው ቃል በዚህ ፊደል ስለሚጀምር ነው። ለዚህ ሥራው ከአሜሪካዊው ሳይንቲስት ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የእ.ኤ.አ. 1943ን የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለተወለደ ልጅ ሁሉ እንዲሰጥ ምክሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእያንዳንዱ አራስ 1 ሚሊ ግራም በጡንቻ እንዲሰጥ ይመክራል። የእኛ አገር የአራስ እንክብካቤ መመሪያም ከዓይን ቅባቱ ጎን ይህን አስቀምጦታል፤ በጭን ፊት ለፊት በጎን በኩል፣ 1 ሚሊ ግራም፤ ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች ለሆነ ግማሹን።

መመሪያው ትክክል ነው። ችግሩ መመሪያው ልጁ እኛ ጋ ይወለዳል ብሎ መነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 48 ነበሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከነበረው 26 በመቶ አንጻር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ብዙ ባልደረቦቼ በእግራቸው ተራራ እየወጡ ያመጡት ለውጥ ስለሆነ ላሳንሰው አልፈልግም። ቢሆንም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውጭ ነበሩ። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። 1 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑት ያለ መርፌ ቢቀሩ፣ ከላይ ባነሣሁት ዝቅተኛ ግምት እንኳ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 3,750 ሕፃናት ይደማሉ ማለት ነው። ይህ በሌላ አገር መጠን ያሰላሁት ግምት ነው፤ የእኛን ትክክለኛ ቁጥር የሚነግረን መዝገብ ቢኖር ኖሮ ደስ ባለኝ። ቤት ውስጥ በሦስተኛው ቀን ደምቶ የሞተ ልጅ ግን እኛ መዝገብ ላይ አይጻፍም። እናቱ «አልበረከተልኝም» ትላለች፤ ጎረቤት ያጽናናታል፤ በዚያው ያልፋል።

ባሕር ማዶ ባለው ዓለም ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ሕፃናት በዚህ በሽታ ተያዙ፤ ሦስቱ የደሙት አንጎላቸው ውስጥ ነበር። አራቱም መርፌውን አላገኙም፤ ወላጆቻቸው አንፈልግም ብለው ነበርና። የዚያ አገር የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል እንደሚለው መርፌውን ያላገኘ ሕፃን በዘገየው፣ ማለትም በሦስተኛው ዓይነት የመያዝ ዕድሉ ካገኘው 81 ጊዜ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ልትወልድ ስትቃረብ ደውላ «መርፌው ካንሰር ያመጣል ይላሉ፤ ልተወው?» አለችኝ። ወሬው ከየት እንደመጣ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 በእንግሊዝ ብሪስቶል የወጡ ጥናቶች እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አንሥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነቱን አላገኙትም። ጥርጣሬው ግን ከመልሱ ቀድሞ ተሰራጨ፤ እስከ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። በውጭ የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አዋላጇ መርፌውን ይዛ ስትመጣ እሺ በሉ። እዚያ ያሉ ወላጆች የሚከለክሉትን መርፌ እዚህ ገጠር ውስጥ የሚያቀርብለት አጥቶ የሚደማ ልጅ አለ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ማንኛውም ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር ሲገናኝ፣ ለእትብት ይምጣ፣ ለቢሲጂ ይምጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ሄዳ ታግኘው፣ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ኬ ተወግቷል ወይ? መልሱ «አልተወጋም» ወይም «አላውቅም» ከሆነ በዚያው ቀን ይወጋ። ያመለጠ መርፌ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል፤ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው። ለዚህ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መኪና ወይም አዲስ ባለሙያ አያስፈልግም። ጥያቄው በክትባት መዝገቡና እናትየዋ ይዛ በምትሄደው ካርድ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ቀኑና መጠኑ ይጻፍበት። በእጄ ባለፉት ብዙ ካርዶች ላይ የቢሲጂና የፖሊዮ ቀን በግልጽ ተጽፎ አያለሁ፤ ስለ ኬ ግን እናትን ከመጠየቅ በቀር ማወቂያ አላገኝም። እናት ደግሞ ምጥ ላይ ሆና የተደረገውን ሁሉ እንድታስታውስ መጠበቅ ደግ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ጤና ኬላዎችን ይመለከታል። ቤት የተወለደውን ልጅ ቀድማ የምታገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ይህን ሳነሣ «መርፌ ለጨቅላ መስጠት ይከብዳታል» የሚሉ አሉ። ይህን የምትሉ እባካችሁ ሥራዋን ሄዳችሁ እዩ። ይህች ሴት ክትባት ትወጋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የአራሶች ሕክምና መሠረት፣ በጠና የታመመ ጨቅላ ወደ ላይ መላክ ሳይቻል ሲቀር ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ጭኑ ላይ እንድትወጋ ሠልጥናለች። ለታመመው የታመነች እጅ ላልታመመው ለምን አትታመንም? ኬ ደግሞ እንደ ክትባት በቅዝቃዜ ሰንሰለት የሚጓዝ አይደለም፤ ፍሪጅ አይፈልግም፤ ከብርሃን ተጠብቆ በካርቶኑ ውስጥ መቀመጥ ይበቃዋል። መብራት በሌለበት ጤና ኬላም መኖር ይችላል።

እዚህ ላይ በመድኃኒት አቅርቦት ላይ ለተቀመጣችሁ አንድ የሥራ ሰው ማሳሰቢያ ላክል። አምፑሉ በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ለአራስ የተዘጋጀው ነው፤ 1 ሚሊ ግራሙ በግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው፤ ሙሉውን ቀድቶ መውጋት ነው። ሌላው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። ከዚህኛው ለአራስ የሚቀዳው የሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ በትንሿ ሲሪንጅ፣ በመስመሯ ላይ ዓይን ተክሎ የሚለካ። በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ሌላዋ እናት እያማጠች ይህን መለካት ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። ለጤና ኬላ የሚላከው የአራሱ አምፑል ይሁን። አነስተኛው ሲሪንጅም አብሮ ይላክ፤ አምፑሉ ደርሶ ሲሪንጁ ሲጠፋ አይቻለሁና። በአንድ ወቅት እኔ በምሠራበት ቦታ መድኃኒቱ ራሱ ለሳምንታት አልቆ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የተወለዱትን ስም በደብተር ይዤ፣ ዕቃው ሲመጣ ቤት ለቤት አስፈልጌ የወጋኋቸው አሉ፤ ያላገኘኋቸውም አሉ። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ሲያልቅ የሚደወለውን ያህል ኬ ሲያልቅም ይደወል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሥልጠናን ይነካል፤ በአጭሩ ልለፈው። ጨቅላ ላይ ትንሽ መድማት የሚባል ነገር የለም። በሁለት ሳምንቱ ከእትብቱ ደም የሚያንጠባጥብ ልጅ፣ ያለ ምት ቆዳው የበለዘ ልጅ፣ ከአፍንጫው ደም የወጣ ልጅ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ አይመለስ። ከሁለት ሳምንት በላይ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የቆየና ሰገራው ነጣ ያለ ልጅም እንዲሁ፤ የሐሞት መስመሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ቫይታሚን ኬን ከወተትም ከአንጀትም መምጠጥ ያቅተዋል። የአንጎል መድማት ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ደም ይታያል። በዚያች ቀን ኬ ከተሰጠ ደም የመርጋት አቅሙ በሰዓታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ያ ልጅ ከአፍንጫው ከደማበት ቀን እስከ 38ኛው ቀን ሦስት ቀን ነበረን።

አሁን ለእናንተ፣ ለቤተሰቦች። እማማ፣ አባባ፣ ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ቤት ውስጥ ከወለደች፣ ማንም አይቆጣችሁም፤ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ልጁን አቅፋችሁ ኑና «የቫይታሚን ኬ መርፌ ስጡልን» በሉ። ቃሉ ቢጠፋባችሁ «ደም እንዳይፈሰው የሚወጋው» በሉ፤ እንረዳለን። ወንድ ልጅ ከሆነና ስምንተኛው ቀን ከቀረበ፣ ከምላጩ በፊት መርፌው ይቅደም፤ ግርዛቱም ጤና ጣቢያ ይሁን። ገራዡ የታወቀ፣ እጁም የቀና ሊሆን ይችላል፤ ደሙ የማይረጋ ልጅ ግን በማንም እጅ ይደማል። እንጥል ማስቆረጥንና የወተት ጥርስ ማስነቀልን ከነጭራሹ ተዉ፤ ኬ የተወጋም ቢሆን ጉሮሮ ውስጥ ምላጭ መግባት የለበትም። መርፌው ልጁን ለአፍታ ያስለቅሰዋል። ወዲያው ጡት ስጡት፤ ይረሳዋል።

ልጁን ጸበል ልትወስዱት ብታስቡ ውሰዱት፤ አልከለክልም። ከመንገዱ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። የተወጠረ እርግብግቢት፣ የነጣ ከንፈር፣ ቀጭን ልቅሶ፣ ጡት አልይዝ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ።

የልጁን ነገር ሳልጨርስ ነበር። ያን ቀን ኬ ሰጠነው፤ አምቡላንሱ ሆስፒታል ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀበት። እዚያም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ያሉበትን የደም ክፍል፣ ፕላዝማ፣ ሰጡት። ራስ ቅሉ ውስጥ ብዙ ደም ፈስሶ ነበር። ተረፈ። ክርስትናውን የተነሣው ሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ አይናገርም፤ በየወሩ ለሚጥለው በሽታ መድኃኒት ለመውሰድ እናቱ አዝላው ትመጣለች። እያደገ ሲሄድ እግሮቹ ከወገቧ በታች እየወረዱ ነው፤ ከሩቅ ሳያት ማን እንደሆነች የማውቀው በእነርሱ ነው። ስለ መዝገቡና ስለ ፊርማው ነግሬያታለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ያኔ መርፌው ነበራችሁ?» አለችኝ። ነበረን አልኳት።

ካለፈው ዓመት በፊት ሁለተኛ ልጇን ፀነሰች። ምጥ ሳይጀምራት፣ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷን አድርቄ ደረቷ ላይ አስተኛኋት፤ ጡት ያዘች። ከዚያ የዓይን ቅባቱን አደረግኩ። እናትየዋ ደክማለች፤ ዓይኗ ግን ከእጄ አልተለየም። አምፑሉን ሳነሣ ክንዴን ያዘችኝ። «ይኸኛው ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ኬ ይኸኛው ነው አልኳትና እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ከጣቷ ጫፍ የማይበልጥ ብርጭቆ ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ውስጡን ለትንሽ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መለሰችልኝ። ሰብሬ ቀዳሁት፤ ልጅቷ ጭን ላይ ወጋሁ። በካርዷ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ መስመር ስለሌለ ከጠርዙ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀኑንና መጠኑን በእስክሪብቶ ጻፍኩላት።

ከአክብሮት ጋር፣
በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ